የመላው ኅብረተሰብ ዳሌ

ዛፍ ላይ ለመውጣት እንጂ ለመውረድ ችሎታ አያስፈልግም። ይህን የምላችሁ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ስለሞከርኳቸው ነው። ጓሮዬ ያለው አቮካዶ ላይ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ስወርድ ግን ባለቤቴ አስቴር «ተጠንቀቅ!» ብላ ሳትጨርስ መሬት ደርሼ ነበር። በእጄ የያዝኩት አቮካዶም አብሮኝ ወረደ። እሱ ምንም አልሆነም።

ምን አወጣህ ትሉኛላችሁ። አስቴር «አውርዶ የሚሰጠን ሰው እንጥራ» ስላለች ነዋ! ሰው ይጠራ ስትል እኔን ከሰው ያልቆጠረችኝ መሰለኝ። ዕድሜዬ በእናቴ ቆጠራ ሰባ አራት፣ በቀበሌ መታወቂያዬ ስልሳ ዘጠኝ ነው። ዛፍ ስወጣ የቀበሌውን፣ ወረፋ ስይዝ የእናቴን እጠቀማለሁ። የዚያን ዕለት አጥንቴ ከእናቴ ጋር ወገነ።

ሥራዬን ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ሶዶ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ውጪ፣ ቀለሟ የለቀቀ ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጡረታ ስወጣ ከአጥሩ ውስጥ ወደ አጥሩ ውጪ ተዛወርኩ እንጂ ከአጥሩ አልራቅኩም። የመሬት ክርክር በሉት፣ ፍቺ በሉት፣ ዝውውር በሉት፣ «የጎረቤቴ ፍየል ጎመኔን ጨረሰብኝ» በሉት፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ማመልከቻዎቼን ሁሉ የምዘጋባት አንዲት ዓረፍተ ነገርም አለችኝ። «ይህም የእኔ የአመልካች ብቻ ሳይሆን የመላው ኅብረተሰብ ድምፅ ነው» ትላለች። ያለሷ ማመልከቻ ማለት ዳታ በርበሬ ያልቀረበለት ሥጋ ማለት ነው። ለፍየሉም ጽፌአታለሁ። መላው ኅብረተሰብ ፍየሉን አይቶት እንኳ አያውቅም።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በኋላ ትነክሰኛለች።

እንግዲህ ወድቄያለሁ። እኛ ሰፈር ሰው ሲወድቅ ከሕመሙ በፊት ዘመድ ይደርሳል፤ እያንዳንዱም የራሱን ወጌሻ በአፉ ይዞ ይመጣል። አንዱ «ሁምቦ ውሰዱት» ይላል፤ ሌላው «ሁምቦ ማን አለ? ቤሌ እንጂ!» ይላል። እኔ በመሐል ጭኔን ይዤ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የለም፣ ስለ እኔ እየተነጋገሩ ነዋ። የአጎቴ ልጅ ጩፋሞ፣ አርባ ዓመት በአናጺነት የኖረ ሰው፣ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ሁለቱን እግሮቼን ለካ።

«ቀኙ በሦስት ሳንቲ አጥሯል» አለ ተነስቶ፤ በር እንደማይገጥም የሚያስረዳ ይመስል።

አስቴር ይህን ስትሰማ ክርክሩን ዘጋችው። «ሆስፒታል!» አለች። የጎረቤት ፒክአፕ ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝና ተጫንኩ። ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በዳሌዬ ቆጠርኩት። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ የኅብረተሰቡን ስም ጠቅሼ የጻፍኩት ነገር ምን እንዳመጣ ትሰማላችሁ።

ራጅ ተነሳሁ። ሰባት ቁጥር አልጋ ተሰጠኝ። ከጎኔ ስምንት ቁጥር ላይ አቶ ሳና የሚባል የሁምቦ ከብት ነጋዴ ተኝቷል፤ እግሩ በጄሶ ታሽጎ ትራስ ላይ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ መጡ። ከፊት አንድ ረጅም፣ ትከሻው በሩን የሞላ ጎረምሳ፤ ከኋላው መነጽር ያደረገች አጭር ሴት፤ ከሷ ኋላ ሁለት ልጃገረዶች ነጭ ጋዋን ለብሰው። እኔም እንደ ልማዴ ትልቁን መርጬ የጎረምሳውን እጅ ያዝኩ።

«ዶክተር፣ ከእግዚአብሔር በታች አንተን ነው!» ብዬ አወዳደቄን ከአቮካዶው ጭምር ተረኩለት። በአክብሮት አዳመጠኝ። አፌ ሲደርቅ ወደ አጭሯ ዞር አልኩና «የኔ ልጅ፣ እስቲ ውኃ አቀብዪኝ» አልኳት።

ቀዳችልኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ተቀብላኝ፣

«አባባ፣ ዶክተር ታደለች እባላለሁ» አለች። «የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ክፍሉንም በተጠባባቂነት የምመራው እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት የምሠራዎት እኔ ነኝ። ይህ ዶክተር ዮናስ ነው፤ ገና እያስተማርኩት ነው። ውኃ ይጨመር?»

ስምንት ቁጥር አልጋ በሳቅ ተናወጠ።

ዶክተሯ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አሳየችኝ። የጭኔ አጥንት ከዳሌዬ ሥር ተቆርጧል። በብረትና በብሎን ይያያዛል። «ቶሎ መሠራት አለበት» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜ ተኝተው በቆዩ ቁጥር ደም ይረጋል፣ ሳንባ ይታመማል፣ ጀርባ ይቆስላል። የተሰበረ ዳሌ ቀጠሮ አይሰጥም።» እኔ ከሁሉ የሰማሁት «ብሎን» የምትለዋን ብቻ ነው።

እነሱ እንደወጡ ጩፋሞ ሊጠይቀኝ መጣ። የተቀቀለ ጎዳሬ ይዞ መጥቶ ራሱ እየበላ ያጽናናኝ ጀመር።

«ጠይቄልሃለሁ» አለኝ። «መዶሻ አላቸው፣ መሰርሰሪያ አላቸው፣ መጋዝ አላቸው። ይህ የለየለት የአናጺ ሥራ ነው! አርባ ዓመት ስሠራ አንዲት ሴት አናጺ አይቼ አላውቅም። አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያስ? ብሎኑ ሳይጠብቅ ቢቀርስ? መንገድ ላይ ቢፈታብህስ?»

በጠራራ ፀሐይ የሶዶ መርካቶ መሐል ብሎኔ ተፈትቶ ስበተን ታየኝ። ላብ አሰመጠኝ።

አቶ ሳና ከጎን ጣልቃ ገባ። «ዶክተሯ ጎበዝ ነው» አለ። «የኔን እግር ወጌሻ አጣመመው። እሱ እንደገና ሰበረ፣ አቃና። እጁ ትንሽ ነው፣ ግን ያውቃል።» የአቶ ሳና አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። በኋላ ሳስበው፣ ከእኔ የተሻለ ሰው የሆነው ለዚሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን «አንተ የከብት እግር የለመድክ ሰው ነህ» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ሌላው ሰው ፍርሃት ሲይዘው ይጸልያል። እኔ እጽፋለሁ። አስቴር ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳለች፤ ብትኖር ወረቀቱን በአፌ ትከተው ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ከኮቴ ኪስ ተለይተው አያውቁም። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ የሣህኑን ክዳን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩት፦

«ጉዳዩ፦ በወንድ ሐኪም እንድሠራ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች የተከበርኩ አዛውንት ስሆን ከከፍታ ቦታ በደረሰብኝ ድንገተኛ አደጋ...» (አቮካዶውን አልጠቀስኩም) «...የአጥንት ሥራ ብርቱ ክንድ የሚጠይቅ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ወንድ ሐኪም እንዲመደብልኝ፤ ይህ ማመልከቻ በሙሉ ፈቃዴ የተጻፈ ስለሆነ ወደፊት በማንም ግፊት ሽሬዋለሁ ብል እንኳ ሽረቴ እንዳይፀና...»

ይህችኛዋ ሐረግ የራሴ ፈጠራ ናት። የፍቺ ማመልከቻ አስጽፈው በማግስቱ እየታረቁ ለሚያዋርዱኝ ባልና ሚስቶች ያበጀኋት ነበረች። ከዚያማ እጄ ለመደና ያቺኛዋም ገባች፦ የመላው ኅብረተሰብ ድምፅ ነው። ከታች አምስት ግልባጭ። ደግሜ ሳነበው እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። ጩፋሞ አፉን ጠርጎ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሮጠ።

በማግስቱ ባዶ ሆዴን ሆኜ ቃሬዛ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ከኮሪደሩ የጎማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ልቤ ከዳሌዬ በላይ ይሰበራል። በመጨረሻ ዶክተር ዮናስ ብቻውን መጣና አልጋዬ ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ ማመልከቻዎ ተፈጻሚ ሆኗል።»

በዕድሜዬ ስንት ማመልከቻ ጽፌአለሁ! ማኅተም ብቻ ስትጠብቅ ያረጀች ባልቴት አውቃለሁ። የእኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈጻሚ ሆነ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ማመልከቻ እግር የሚያወጣው ለጥፋት ሲላክ ብቻ መሆኑን ነው።

«ታዲያ አንተ ልትሠራኝ ነው?» አልኩት። ትከሻውን አይቼ ትንሽ ተጽናናሁ።

«ወንድ ሐኪም ብለው ጻፉ፤ ወንድ ይኸው ቆሜያለሁ። ዳሌ ብቻውን መሥራት የሚችል ብለው ግን አልጻፉም። እኔ ገና ቁስሉ እንዳይዘጋ መንጠቆ ያዥ ነኝ። የሚያስይዘኝ ደግሞ ዶክተር ታደለች ናት።»

«ሌላ ወንድ የለም?»

«ከሌላ ከተማ ይጠየቃል። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እስከዚያ ይተኛሉ።»

የተሰበረ ዳሌ ቀጠሮ አይሰጥም ያለችኝ ትዝ አለኝ። ወዲያው ደሜ ሲረጋ ተሰማኝ፤ ሳንባዬም ጠበበ፤ ጀርባዬንም አሳከከኝ።

የዋርዱ ነርስ ሲስተር ማርታ መጣች። ትራሴን አነሳችና ከሚገባው በላይ በኃይል መልሳ አስቀመጠችው።

«ደስ አለዎት?» አለችኝ። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ማኔጅመንቱ ይሰበሰባል። ዶክተር ታደለች የክፍሉ ኃላፊ ሆና ትጸድቅ ወይስ ሌላ ይሾም፣ ዛሬ ነው የሚወሰነው። አንዳንዶቹ ‹ኅብረተሰቡ ሴት የአጥንት ሐኪም አይቀበልም› ሲሉ ከርመዋል፤ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ግን አልነበራቸውም። ትናንት ማስረጃው ከነግልባጩ መጣላቸው!»

እኔ የጻፍኩት ስለ አንድ ዳሌ ነበር።

ከትናንቶቹ ልጃገረዶች አንዷ ደም ግፊቴን ልትለካ ቀረበች። ሕይወት ትባላለች፤ በዚያ ዓመት ሕክምና ጨርሳ የምትወጣ ተለማማጅ ሐኪም ናት። ክንዴ ላይ ጨርቁን እየጠመጠመች ቀና ብላ አላየችኝም።

«ኋላ የምን ሐኪም ልትሆኚ ነው ልጄ?» አልኳት፣ ነገር ለማስቀየስ።

«የአጥንት ነበር ሐሳቤ። አሁን የቆዳ ይሻለኛል መሰለኝ።»

«ምነው?»

«ኅብረተሰቡ አይፈልግም ተብሏል።»

«የቱ ኅብረተሰብ ነው እሱ ደግሞ?»

«የእርስዎ፣ አባባ።»

ግፊቴን አየችና ደግማ ለካች። እንደገና አየችና ጻፈች። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ራጅ እየታየ ሲሠራ ጨረር እንዲከላከል የሚለበሰው የእርሳስ ጋዋን ለትልልቅ ወንዶች የተሰፋ ስለሆነ ለዶክተር ታደለች መሬት ይደርሳል። በፋሻ ወገቧ ላይ ታስረዋለች፤ ጠረጴዛው ስለሚረዝምባትም በርጩማ ላይ ትቆማለች። «‹አጥንት ጉልበት ይፈልጋል› ሲሏት፣ ‹ጉልበት የሚያስፈልገው የት እንደሚገፋ ለማያውቅ ነው› ትላቸዋለች» አለችኝ። ዶክተሯ የቤሌ ገበሬ ልጅ ናት አሉ፤ አጥንት የሚያስተምሩ ወንዶች መሐል ብቻዋን ሴት ሆና ነው የተማረችው።

በዚህ መሐል አስቴር ደረሰች። አቶ ሳና፣ የሰው ጉዳይ የማያስተኛው ሰው፣ ሁሉንም ነገራት። ከማመልከቻው ለራሴ ያስቀረሁትን ቅጂ ከትራሴ ሥር አውጥታ አነበበች። አስቴር ስትቆጣ አትጮህም፤ ያ ነው የሚያስፈራው። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ደረቴ ላይ አኖረችው።

«አንተ ሰውዬ» አለች። «ያን አጥንት መጀመሪያ የሠራችው እናትህ ናት። ያኔ ወንድ ይመደብልኝ ብለህ አመልክተሃል?»

ስምንት ቁጥር አልጋ እንደገና ተናወጠ።

«እሺ፣ እሽረዋለሁ!» አልኩ። ወረቀት አወጣሁ። «ጉዳዩ፦ ማመልከቻዬን ስለመሻር» ብዬ ጀመርኩና እስክሪብቶዬ ቆመ። «ሽሬዋለሁ ብል እንኳ ሽረቴ እንዳይፀና።» በገዛ እጄ በሩን ከውጪ ቆልፌ ቁልፉን ውስጥ ጥያለሁ። ያቺን ሐረግ አልፎ የተሻረ ማመልከቻ የለም፤ ስንቱን ባልና ሚስት አጥምጄባታለሁ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

«በጽሑፍ ካልሆነ በአፍ ሂድ» አለ አቶ ሳና።

«በምን እግሬ?»

«አልጋው እግር አለው። አራት ነው። ካንተ ይበልጣል።»

ዶክተር ዮናስ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየ። «ዶክተር ታደለች ካየችን ለእኔም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል» አለ። ግን የተሰበረው አጥንት እንዳይንቀሳቀስ እግሬ ላይ የተንጠለጠለውን ክብደት ፈትቶ አልጋው ላይ አስደገፈና ይገፋ ጀመር። አስቴር በአንድ ወገን፣ ሲስተር ማርታ «አላየሁም፣ አላየሁም» እያለች በሌላ ወገን። ከአልጋው ጎማዎች አንዱ እንደ ባለቤቱ ግትር ነበር፤ ሁሉም ወደፊት ሲሄዱ እሱ ወደ መጸዳጃ ቤት ይጎትታል። በወለሉ ስንጥቅ ሁሉ «ወይኔ!» እላለሁ፤ በየመሐሉ የምናገረውን አጠናለሁ። የፍርድ ቤት ጠረን ያለው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሲደርስ አንዱም አልቀረልኝም።

የስብሰባው አዳራሽ በር ተከፈተ። አልጋው ግማሽ ገባና ተቀረቀረ። በሩን ጩፋሞ የሠራው ይመስላል። ክፋቱ፣ በእግሬ በኩል ነበር የገፉኝ። እግሬ ስብሰባው ላይ፣ ጭንቅላቴ ኮሪደር ላይ ቀረ። እኔ የሚታየኝ የጣሪያው አምፖልና የአስቴር አገጭ ብቻ ነው። ማኔጅመንቱ የሚታየው ሁለት ውስጥ እግር ነው። መላውን ኅብረተሰብ ወክሎ መጀመሪያ የተገኘው በካልሲዬ ቀዳዳ ብቅ ያለው አውራ ጣቴ ሆነ።

«ማነው ይሄ?» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። የሜዲካል ዳይሬክተሩ ነበር።

«ሰባት ቁጥር አልጋ» አለ ዮናስ፣ ከኋላዬ ጎንበስ እንዳለ።

«የተከበራችሁ!» ብዬ ጮኽኩ ለአምፖሉ። «በባህላችን ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እኔ መቆምም መቀመጥም ስለማልችል ተኝቼ እለምናለሁ። ማመልከቻዬን ሽሬያለሁ!»

«ጋሼ፣ አይቻልም» አለ ሌላ ድምፅ። የሰው ሀብት ኃላፊው ነው። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «እዚህ ላይ ሽሬዋለሁ ብል አትቀበሉኝ ይላል።»

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት!»

«ለዚሁ ነው የማንቀበልዎት።»

ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገባ። «ቆይ፣ ይህ መላው ኅብረተሰብ የተባለው ማነው?»

ላቤ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ክብሬን ለማዳን መዋሸት እችል ነበር። ግን ሰው በጀርባው ተንጋልሎ፣ ጣቱ ለስብሰባ ተጋልጦ፣ ምን ክብር አለው?

«እኔና የአጎቴ ልጅ ጩፋሞ ነን» አልኩ። «ጩፋሞ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አያነሳም። ስለዚህ አሁን መላው ኅብረተሰብ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ተሰብሬያለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለፍየልም ጽፌአታለሁ! እርስዎም የሰው ሀብት ኃላፊ፣ ድምፅዎን አወቅሁት። ከቤሌ ወደ ሶዶ ልዛወር ብለው ጃንጥላዬ ሥር አላስጻፉኝም? መላው የቤሌ ኅብረተሰብ እርስዎ ከዚያ እንዲነሱለት ይጠይቃል ብዬ አልጻፍኩልዎትም?»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሳሉ ወደ ሌሎቹም ተዛመተ።

ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያ ቀላል እርምጃ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማሁ። ዶክተር ታደለች ነበረች። ከእኔ በፊት እግሬን አየች።

«ዮናስ፣ ክብደቱን ማን ፈታው?»

በሩ በአልጋዬ ስለተዘጋ ወደ እኔ ማለፍ አልቻለችም። በእግሬ በኩል ቆማ ተናገረችኝ።

«አባባ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ ዶክተር።»

«ስለ ሹመቴ መለመንዎን ይተዉልኝ። ትናንት በእርስዎ ፍርሃት የሚወርድ፣ ዛሬ በእርስዎ ጸጸት የሚወጣ ወንበር አልፈልግም። የሠራሁት ሁሉ መዝገብ ላይ አለ፤ እሱን አይተው ይወስኑ። እኔ እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ዳሌ ነገ ጠዋት ይሠራ ወይስ አይሠራ?»

ይሠራ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልወጣም።

«እፈራለሁ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ብሎኑን። መዶሻውን። መርፌውን። አለመነሳቱን።»

«ሴት መሆኔንስ?»

አሰብኩ። «እሱ ወረፋው ገና አልደረሰም።»

«ደህና» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበረ ይሆን? አምፖሉ አልነገረኝም። «መዶሻው በማንም እጅ ያው መዶሻ ነው። እኔም ሳልፈራ ገብቼ አላውቅም። የማይፈራ ሐኪም ካገኙ ይሽሹት። አብረን ፈርተን እንሠራዋለን።»

«ይሠራ» አልኩ።

ከዚያ አልጋው አልወጣ አለ። ማኔጅመንቱ ከውስጥ ተነስቶ መግፋት ነበረበት። ያ ስብሰባ ያለ ልዩነት በሙሉ ድምፅ የፈጸመው የመጀመሪያ ሥራ እኔን ማስወጣት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የስምምነት ቅጹን አመጣችልኝ። አነበብኩት። አጻጻፉ ደካማ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ማሻሻያ ታየኝና እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«አባባ» አለች፣ «አንዲት ፊደል ቢጨምሩ ለጩፋሞ አሳልፌ እሰጥዎታለሁ።»

ፈረምኩ። በዕድሜዬ ያለ ቅድመ ሁኔታ የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው። ፊርማዬም እንደ ዶሮ ጭረት ሆነ።

ወገቤን በማደንዘዣ ወጉኝና ከዚያ በታች የሌላ ሰው ሆንኩ። ከደረቴ ፊት ጨርቅ ተጋረደ። አይቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ መስማት የባሰ ነው። በርጩማው ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ወጣችበት ማለት ነው። መሰርሰሪያው ጮኸ። ከዚያ መዶሻ፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቤት እየተሠራ ነው፤ ቤቱ እኔ ነኝ።

«ዶክተር፣ ጠበቀ?»

«ገና።»

ኳ፣ ኳ።

«አሁንስ?»

«አባባ፣ መዝሙር አያውቁም? ይዘምሩ እንጂ።»

ዘመርኩ። በፍርሃት ድምፄ የፍየል ሆነ፤ መዶሻውም በመዝሙሩ ምት ላይ ይወድቅ ጀመር። ዮናስ ከጨርቁ ማዶ ሊፈነዳ ደረሰ። «ሳቅ የለም። ራጁን አሳየኝ» አለችው። ከዚያም፣

«ሕይወት፣ ነይ ወደዚህ። ጋዋንሽን እሰሪና በርጩማው ላይ ውጪ። ይህችን የመጨረሻዋን ብሎን አንቺ አጥብቂያት። እጅሽ ላይ እጄ አለ።»

ልቤ ቆመ። ብሎኔ! በጠራራ ፀሐይ መርካቶ መሐል የምትፈታዋ ብሎን! ለዚያች ደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለለካች ልጅ! በአፌ ውስጥ ማመልከቻው ራሱን በራሱ ይጽፍ ጀመር፦ ጉዳዩ፣ እኔ አመልካች፣ ግልባጭ...

«ዶክተር...» አልኩ።

«አቤት አባባ?»

ከጨርቁ ማዶ ሁሉም ሲያዳምጡ ተሰማኝ። ከሁሉም ይልቅ የአንዷ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ አልወጣም፣ ተይዟል፣ የእኔን ቃል ይጠብቃል።

ዋጥኩት። «ምንም» አልኩ። «ትጥበቅ።»

ብረት በብረት ላይ ሲዞር ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።

«ጠበቀች» አለች ሕይወት።

ከሆስፒታሉ በመራመጃ ብረት እየተንፏቀቅሁ ስወጣ በክፍሉ ኃላፊ ቢሮ በር በኩል አለፍኩ። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎባታል። «አዲሱ ሰሌዳ እስኪመጣ ነው» አለች ሲስተር ማርታ፣ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ። «በስንት ክርክር መዝገቧን ከፍተው አዩ። ካዩት በኋላ የሚሉት አጡ።» ጩፋሞም ቤት መጥቶ ሜትሩን አወጣ። ግራውን ለካ፣ ቀኙን ለካ፣ ደገመ። «እኩል ነው» አለ እያኮረፈ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ውኃ ልኩን ማን ያዘላት?» አለኝ።

ወደ ጃንጥላዬ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሕይወት መጣች።

«ዶክተር ታደለች ናት የላከችኝ» አለች። «የአጥንት ቀዶ ሕክምና እንዲያስተምሩኝ ለሆስፒታሉ ማመልከቻ ላስገባ ነው። ‹የመጀመሪያውን የጻፈ እጅ ሁለተኛውንም ይጻፈው፤ ቅጣቱ ነው› ብላለች።»

እንዲህ ያለ ቅጣት! ሁለት ገጽ ጻፍኩላት። ምን ያላካተትኩት አለ! ተቀምጣ አነበበች፤ ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብላኝ ትሰርዝ ጀመር። «የተከበርኩ» ሄደ። «ከሁሉም በላይ» ሄደ። ሙሉው ሁለተኛ ገጽ ሄደ። መጨረሻ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን በእጄ ያዝኩባት።

«ይህችን ብቻ ተዪልኝ፤ መላው ኅብረተሰብ...»

«መላው ኅብረተሰብ ገና አልተጠየቀም አባባ» አለች። «እኔ ነኝ የምፈልገው።»

ሰረዘቻት። ከሁለት ገጽ አንዲት መስመር ተረፈች፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ። ከሥሯ ፈረመች። በሕይወቴ እንዲህ ያጠረ፣ ምንም ልጨምርበት የማልችል ማመልከቻ ከጃንጥላዬ ወጥቶ አያውቅም።

ልማድ ግን ዳሌ አይደለም፤ በብሎን አይቃናም። እሷ ቦርሳዋን ስትከፍት ወደ ወረቀቱ ጥግ ሾልኬ፣ በትንሿ ጽሕፈቴ «ግልባጭ፦ ለአናጺው ጩፋሞ» ብዬ ጨመርኩባት።

አየችው። እሱን አልሰረዘችም።